ጉካ ከባራዛ የወጡ ዕለት

ጎሕ ሳይቀድ ስልኳ ሲጮህ፣ ዋሪጊያ ማን እንደደወለ ሳታይ ምን እንደሚላት ታውቃለች። «ባራዛ አላስገባ አለኝ» ነው የሚላት። እንዴት አደርሽ የለ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩሽ የለ። አንዱ ፓስወርዱን ረስቶ፣ አንዷ ስልክ ቀይራ፣ ሌላው ልጁ በስልኩ ሲጫወት የነካካው ነገር ጠፍቶበት፤ ብቻ ከናይቫሻ እስከ ኪናንጎፕ ዳገት ያለ የወተት ድርጅቱ ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ መጀመሪያ እግሩን የሚያሳርፈው በእሷ እንቅልፍ ላይ ነው።

ባራዛ ድርጅቱ የገዛው የመነጋገሪያ መድረክ ነው። ቢሮው፣ ሾፌሩ፣ ወተት ተረካቢው፣ ላቦራቶሪው፣ ሁሉም በየስልኩ ይገባበታል። ለየሥራው ግሩፕ አለው። ትእዛዝ የሚተላለፈው፣ የተሰበረ መኪና ፎቶ የሚላከው፣ ሰዉ የሚጨቃጨቀውም እዚያው ነው። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበትን ሸንጎ ባራዛ ይለዋልና። ሸንጎ ካለ ደግሞ ዳኛ ያስፈልጋል፣ ዳኛዋ ዋሪጊያ ናት። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ማን የቱን ግሩፕ ይይ፣ ማን ምን መሰረዝ ይችላል፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው። ደሞዟ ግን የዳኛ አይደለም።

ሥራውን ስትረከብ ባራዛ ባለቤት የሌለው ገበያ ነበር። ግማሹ ሰው አድሚን ነበር። አድሚንነት እንደ ማዕረግ ተቆጥሮ፣ ለሒሳብ ክፍሉ ከተሰጠ ለግዢው ኃላፊ ለምን ይቅርበት፣ ለእሱ ከተሰጠ ደግሞ ለጋራዡ አለቃ ምን ያንሰዋል እየተባለ፣ በመጨረሻ የዘበኞቹ አለቃ እንኳ ሲደብረው መድረኩን አፍርሶት መሄድ ይችል ነበር። ዋሪጊያ አንድ በአንድ አወረደቻቸው። የግዢው ኃላፊ ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚላት በአገጩ ነው። ሠራተኛ ሥራ በለቀቀበት ቀን አካውንቱ እንዲዘጋ አደረገች። ማንም ሰው ሲገባ ከፓስወርዱ ሌላ በስልኩ የሚላክለትን የቁጥር ኮድ እንዲያስገባ አስገደደች፤ ፓስወርዱን የረሳም አዲስ የሚያወጣው በዚሁ ኮድ ነው። በየወተት ጣቢያው ግድግዳ ላይም «ኮድ ለእናታችሁም እንዳትሰጡ» ብላ ለጠፈች።

ለለቅሶ ሳይቀር ሥርዓት አበጅታለች። በዚያ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚቋቋመው ኮሚቴ ነው፣ ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው ባራዛ ላይ ነው። ድሮ አንድ ሰው ሲሞት ሦስት አራት ግሩፕ ይከፈትና ሐዘኑ ከሥራው ጋር ይደባለቅ ነበር። አሁን ዋሪጊያ አስቀድማ ያዘጋጀችው አለ፤ ስም ትሞላለች፣ መዋጮው በስልክ የሚላክበትን ቁጥር አናቱ ላይ ትሰካለች፣ አለቀ። አንዳንዴ ስታስበው ያስጠላታል። ምን ይደረግ፣ ሰው መሞቱን አይተው።

ያደከማት ሥራው አይደለም፣ ሰዉ ነው። ሕግ ስታወጣ «ልክ ነሽ» ይሏታል፣ ዞር ስትል «ለእኔ ግን» ይላሉ። ይህቺ «ለእኔ ግን» የምትባል ቃል ናት ዋሪጊያን በቁሟ የጨረሰቻት።

ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት አለቃዋ ጋቶጎ ቢሮው አስጠራት።

«ከናይሮቢ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ወተታችንን የሚገዛው ትልቁ ደንበኛ ነው የላካቸው» አላት። «አሠራራችንን በሙሉ ያያሉ፣ ባራዛንም ጭምር። ዓርብ ነው የሚደርሱት። ሠራተኛችን ያልሆነ አንድም ሰው እዚያ ውስጥ እንዳላይ።»

«አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው።»

«ማን?»

«ጉካ።»

ጋቶጎ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። በመስኮት ወደ ዳገቱ አየ። «እሳቸውንም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሯቸው።»

«አድሚኗ አንቺ ነሽ» አለና ስልክ የሚያነሳ መሰለ። ስልኩ አልጮኸም ነበር።

ጉካ ማለት አያት ማለት ነው። የወጣላቸው ስም ንዲራንጉ ነው፣ ግን በስማቸው የሚጠራቸው ማንም የለም። ጡረታ እስኪወጡ የወተት ቦቴ ሲነዱ ነው የኖሩት፤ ከዛሬዎቹ ሾፌሮች ብዙዎቹ መሪ መጨበጥ የተማሩት ከእሳቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው ናይሮቢ ናቸው። ንጃቢኒ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለች ቤታቸው፣ ከአንዲት ላማቸው ጋር ይኖራሉ። በየማለዳው ካፖርታቸውን ደርበው ከአጥራቸው ብቅ ይላሉ፣ መንገዱን ያያሉ፣ ከዚያ በሾፌሮቹ ግሩፕ ይጽፋሉ።

«ልጆቼ፣ እንዴት አደራችሁ። ጭጋጉ ወርዷል፣ መብራት አብሩ። ድልድዩ ጋ ጭቃው ብሷል፣ በማጉሙ ዙሩ። ቀስ በሉ፣ ወተቱ ይደርሳል።»

መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቀስ በሉ፣ ወተቱ ይደርሳል።» ሾፌሮቹም ሞተራቸውን እያሞቁ አንድ በአንድ «እሺ ጉካ» ይላሉ። እሺ ጉካ ሳይሉ የሚነሱ የሉም። አንዳንዶቹ እንደ ጠዋት ጸሎት ነው የሚያዩት።

ጡረታ በወጡበት ቀን አካውንታቸው መዘጋት ነበረበት። ዋሪጊያ እጇን ሰድዳ መለሰችው። ሾፌሮቹ ለመኗት፣ እሷም ላትለመን አልጨከነችም፤ በእንግዳነት አስቀመጠቻቸው። በዚህም አልበቃትም። ሽማግሌው ስልካቸው በወደቀና በተቀየረ ቁጥር «ኮዱ በሩጫ ይመጣል፣ መነጽሬን ፈልጌ ሳገኝ ሰዓቱ አልፎበታል» እያሉ ስለተቸገሩ፣ ኮዳቸው በእሷ ስልክ እንዲመጣ አደረገችው። «እማዬ፣ ቁጥሯ መጣች?» ብለው ይደውሉላታል፣ አንዳንዴም ይጽፉላታል፤ ቁጥሩን ትሰጣቸዋለች። ግድግዳ ላይ «ለእናታችሁም» ብላ የለጠፈችው ሴት ናት ይህን የምታደርገው። ለእናት አለች እንጂ ለአያት መቼ አለች።

ሰኞ ዕለት ቆርጣ ደወለችላቸው።

«ጉካ፣ እንዴት ነዎት?»

«አለሁ እማዬ። ላሟ ናት ያልተሻላት። ምነው፣ ድምፅሽ የደከመ ነው?»

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልነግርዎት ብዬ ነው።»

«ንገሪኝ፣ ንገሪኝ። ሰው ከደወለልኝ ስንት ጊዜው። ልጆቹ እሑድ እሑድ ይደውሉ ነበር፣ አሁን እሑዱም ጠፋ። እናንተ ባራዛ ላይ ባትኖሩልኝ አፌ ዝጎ ነበር የሚቀረው።»

ዋሪጊያ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ምን ነበር የምትነግሪኝ?»

«ዝናቡ ሊከብድ ነው አሉ፣ ልልዎት ነው።»

«እሱንማ ለእናንተ የምነግረው እኔ ነኝ» ብለው ሳቁ። ስልኩን ስትዘጋ በራሷ ተናደደች። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። ማክሰኞም ነገ አለች።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ ጊዜሪ የሚሉትን የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ እየበላች ስልኳ ላይ ኮድ መጣ። የጉካ ነው። ከዚያ ወዲያው ከጉካ ስልክ መልእክት ገባ፤ «ቁጥሩን ላኪልኝ» ይላል። በሌላው እጇ የጋራዡን ሰዎች ግሩፕ እያስተካከለች ስለነበር በአውራ ጣቷ ኮዱን ላከችና ማንኪያዋን አነሳች። ደግሞ ስልካቸውን ጣሉት ማለት ነው ብላ አሰበች፣ ከዚያም ረሳችው።

ከምሳ በኋላ ኪሜሚያ ደወለ። ከሾፌሮቹ ሁሉ ጉካ ራሳቸው አስተምረው ያሳደጉት፣ የንጃቢኒን መስመር የሚነዳው ኪሜሚያ ማለት ነው። አላነሳችም። ደግሞ ደወለ። ፓስወርድ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል ብላ ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

ቀና ስትል ቢሮው ጸጥ ብሏል። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ አፏን በእጇ ይዛለች። ዋሪጊያ ባራዛን ከፈተች። በኪሜሚያ አካውንት ለሁሉም ሰው የተጻፈ መልእክት ነው።

«ወገኖቼ፣ ጉካችን ዛሬ በድንገት ወድቀው አርፈዋል። ሆስፒታል ነኝ፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ስለሆነ አትደውሉ። ቤተሰቡ እርዳታውን በዚህ ቁጥር ላኩልን ብሏል።»

ዋሪጊያ ጉካ ጋ ደወለች። ስልካቸው ዝግ ነው። የሞተ ሰው ስልክ ማን ያነሳል። ኪሜሚያ ለምን ደጋግሞ እንደደወለላት አሁን የገባት መሰላት፣ ሳላነሳለት ብላ ተቆጨች። እዚያው ወንበሯ ላይ እንዳለች ደግሞ ሳታስበው ደረቷ ቀለል አላት። በቃ፣ ልትነግራቸው አይደለም። እግዜር ቀደማት። ይህን ማሰቧን ስታውቅ አፈረች፣ ዕንባዋም ያኔ ነው የመጣው። ሰው ለሟቹ የምታለቅስ መስሎት ትከሻዋን ያዛት።

ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ሥራዋን ሠራች። የለቅሶውን ግሩፕ ከፈተች፣ የጉካን ስም ሞላች፣ የመዋጮውን ቁጥር አናቱ ላይ ሰካች። ራሷም ላከች። መጀመሪያ ግን የላከው ጋቶጎ ነበር፤ እሳቸውንም አስወጪ ያለው ሰው። ሾፌሩ፣ ተረካቢው፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ላከ። የሐዘን ቃሉ ደግሞ ጎረፈ፣ ዋሪጊያ አንብባ መጨረስ አቃታት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ዳቦ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ የበቆሎ ዱቄት ጭነው፣ የፕላስቲክ ወንበር በፒካፕ አስከትለው ዳገቱን ወጡ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ጭጋጉ ወርዶ መንገዱ አይታይም። ነጂው «መብራት አብሩ ይሉን ነበር» አለና ድምፁ ተቆረጠ።

ጉካ ደጅ ሲደርሱ ድንኳን የለም፣ እሳት የለም፣ የሚያለቅስ ሰው የለም። ጋቶጎ ኮፍያውን አውልቆ ከፊት ቆመ። የግዢው ኃላፊ የስኳሩን ከረጢት ታቅፏል። የበረቱ በር ሲጥ አለና ጉካ የወተት ባልዲ ይዘው ወጡ።

ሁሉም ደርቆ ቀረ። ጉካ ወንበሩን አዩ፣ ዳቦውን አዩ፣ የጋቶጎን ጥቁር ሱፍ አዩ። ባልዲውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

«በደህና ነው? ማን ሞተ?»

ሰው መሬት መሬት አየ።

«ማን ሞተ ነው የምላችሁ። አትደብቁኝ፣ ልቤ ይችላል።»

«እርስዎ ነዎት፣ ጉካ» አለች ዋሪጊያ።

ሽማግሌው ካፖርታቸውን ዝቅ ብለው ተመለከቱ። «እኔ? መቼ?»

«ዛሬ ከሰዓት።»

«ከሰዓትማ ስልኬን ፍለጋ ገበያ ለገበያ ስባዝን ነው የዋልኩት። ማታቱ ልሳፈር ታክሲ ተራ ስጠብቅ ከኪሴ መነተፉኝ» አሉ። «መሞቴን ማን ነገራችሁ?»

ስልኬን መነተፉኝ ሲሉ ዋሪጊያ ምሳ ሰዓት የላከችውን ኮድ አስታወሰች። ያን ጊዜ ደግሞ የኪሜሚያ ቦቴ ጭጋጉን ሰንጥቆ መጥቶ ቆመ። ኪሜሚያ ወርዶ ሕዝቡን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ማን ሞቶ ነው?» አለ። ጉካ በጣታቸው ወደ ደረታቸው ጠቆሙ። ኪሜሚያ ምንም ስላልገባው ወደ ዋሪጊያ ዞረ።

«አንቺ ልጅ፣ ስልክ የምታነሺው ስንቴ ሲደወል ነው? ባራዛ ገፍትሮ አስወጣኝ እኮ። ከምሳ ጀምሮ ስደውልልሽ ነው የዋልኩት።»

«ኮድህን ለማን ሰጠህ?»

«ለማንም አልሰጠሁም። ለጉካ ነው የሰጠሁት። ስልክህ ላይ ቁጥር መጥቷል አንብብልኝ ብለው ባራዛ ላይ ጻፉልኝ፣ ላክሁላቸው።»

«ለእናትህም አትስጥ አላልኩም?»

«ጉካን እምቢ ልበል? አንቺ ብትሆኚ እምቢ ትያቸዋለሽ?»

ዋሪጊያ አጥሩን ተደግፋ ስልኳን አወጣች። የጉካን አካውንት ቆለፈች፣ የኪሜሚያን ቆለፈች፣ ሾፌሮቹን በሙሉ ከያሉበት አስወጥታ በሩን ዘጋችባቸው። ለቅሶው ግሩፕ አናት ላይ በገዛ እጇ የሰካችውን የሌባ ቁጥር ነቀለች። ለሁሉም ሰው «ጉካ በሕይወት አሉ። መልእክቱ የሌባ ነው፣ ምንም እንዳትልኩ። የላካችሁ ወዲያው ለስልክ ድርጅቱ አመልክቱ» ብላ ጻፈች። «በሕይወት አሉ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አርማ ጻፈቻት።

ከዚያ ዘወር ብላ ለሁሉም ተናገረች። «በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። የጉካ ኮድ በእኔ ስልክ ነበር የሚመጣው፣ ሌባው ላኪልኝ ሲለኝ ላክሁለት። እማዬ ሳይሉኝ ጽፈው እንደማያውቁ እንኳ ልብ አላልኩም። ኪሜሚያ ላይ አትፍረዱ።»

የግዢው ኃላፊ የሚናገረው የመጣለት መሰለ። ጋቶጎ በዓይኑ ዝም አሰኘው። ቀድመው የተናገሩት ጉካ ናቸው።

«በሉ ግቡ። ብርዱ ሊገድላችሁ ነው፣ ዛሬ ደግሞ አንድ ሟች ይበቃል። ዳቦውን ይዞ የሚመለስ እንዳላይ፣ ለእኔ የመጣ ነው።»

ገቡ። ወንበሩ ተዘረጋ፣ ሻዩ ከላሚቱ ወተት ጋር ፈላ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ኪሜሚያ ግን እየሳቀ ያለቅስ ነበር። ጉካ ዋሪጊያን አጠገባቸው አስቀመጧትና «እስቲ የጻፋችሁልኝን አንብቢልኝ» አሏት።

አነበበችላቸው። አንዱ መኪናው ተገልብጦ መንገድ ዳር የተኛ ጊዜ ጉካ ቦቴያቸውን አቁመው አብረውት እንዳደሩ ጽፏል። አንዷ ተረካቢ ልጇ ሲታመም በወተት መኪና ሆስፒታል ያደረሱላት እሳቸው እንደሆኑ ጽፋለች። የግዢው ኃላፊ እንኳ፣ ያ አገጩ ብቻ የሚናገር ሰው፣ ሥራ የገባ ጊዜ መጀመሪያ ስሙን ጠርተው ሰላም ያሉት ጉካ መሆናቸውን ጽፏል። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን ይዘው ሰሙ። ሻዩ በእጃቸው ላይ ቀዘቀዘ።

«ይህን ሁሉ ታውቁት ኖሯል?» አሉ ስትጨርስ። «ታዲያ ምነው በቁሜ አትሉኝም ነበር?»

ኪሜሚያ ተነስቶ የቀዘቀዘውን ሻይ በትኩስ ቀየረላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ስለ ጥንቃቄ የማያወራ አልነበረም። ስለ ኮድ ሰምቶ የማያውቀው ሁሉ ስለ ኮድ አስተማረ። የግዢው ኃላፊ አድሚን ብዙ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር አለ። ዋሪጊያ ለመከራከር እንኳ አቅም አጣች። ስብሰባው ሲበተን ጋቶጎ አስቀራት።

«ልናገርሽ ነበር» አለ። «ከዚያ ትናንት ሲነበብ የሰማሁትን አስታወስኩ። የእኔንም አንብበሽላቸዋል።» ብዕሩን አነሳ። «ግን መውጣት አለባቸው።»

«አውቃለሁ» አለች። የሚያደክመውም ይኸው ነበር፤ አለቃዋ ልክ ነው። ጨካኝ ቢሆን ትጣላው ነበር።

በስልክ የሚነገር አልነበረም፣ ስልክም የላቸውም። ከሰዓት በኋላ በማታቱ ወጣች። ጉካ ለላማቸው ሣር ያጭዳሉ።

«ጉካ፣ ከባራዛ ላስወጣዎት ነው የመጣሁት።»

ማጨዳቸውን አላቆሙም። «ሰኞ ልትነግሪኝ የነበረው እሱን ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ዝናብ ይከብዳል ያልሽኝ።» ቀና አሉ። «እኔ ዝናብ ሲከብድ የማላውቅ መሰልኩሽ?»

«አቃተኝ፣ ጉካ። ሰኞ ችዬ ነግሬዎት ቢሆን ትናንት የሆነው ባልሆነ።»

ማጭዱን አጥሩ ላይ ሰቀሉት። «ቦቴ ስነዳ በመንገድ የቆመ ሰው አላሳፍርም ነበር። ሕጉ ነው። የታመመ ካልሆነ ማንንም። አንድ ቀን በዚህች መንገድ ላይ፣ በዝናብ፣ እናቴን ከገበያ ስትመለስ ትቻት አልፌያለሁ። እስክትሞት ታነሳብኝ ነበር። ወተቱ የእኔ አይደለማ፣ የሰው ነው።» እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ። «አውጪኝ። ሲወጣ ግን ልየው።»

አጠገባቸው ቆማ ስልኳን አሳየቻቸው። ስማቸው ከሾፌሮቹ መካከል ነበር። ጣቷን አሳረፈች። ስማቸው ጠፋ፣ ከበታች ያሉት ስሞች ከፍ ብለው ቦታውን ሞሉት።

«በቃ? ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ሞት ይሻላል» አሉ። «እሱስ ዳቦ ያስመጣል።»

ሊያስቋት ነበር። ሳቀች፣ ግን አልሆነላትም። ጉካም ሳቃቸውን ጨርሰው ወደ መንገዱ ሲዞሩ ፊታቸው ሌላ ሆነ። «ጠዋት ጠዋት ግን ምን እሆናለሁ፣ እማዬ?» አሉ። «እኔ እንደሁ መንቃቴ አይቀር።»

ዋሪጊያ እጃቸውን ያዘች። ማታቱ እስኪመጣ አልለቀቀችውም።

ዓርብ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ አዩ፣ ጥሩ ነው ብለው ፈረሙና ሄዱ። በሾፌሮቹ ግሩፕ ጠዋት ጠዋት የሚጽፍ አልነበረም። ቅዳሜ አንዱ ቦቴ ድልድዩ ጋ ጭቃ ውስጥ ገብቶ በትራክተር ወጣ።

ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ዓይኗን ሳትገልጥ አነሳችው፣ ባራዛ አላስገባ አለኝ እስክትባል ጠበቀች።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ።»

ተነስታ ተቀመጠች። አሁን ግን ተምራለች። «ማን ልበል?»

«ሟቹ ነኛ። ልጆቹ ሞቷል ሲባል ሰምተው ትናንት በሩጫ መጥተው ነበር፣ ስልክ ገዝተው ሰጥተውኝ ሄዱ። ያንቺ ቁጥር በጭንቅላቴ ነው ያለው፣ ሌባ አይወስደውም።»

«ላሟስ እንዴት ሆነች?»

«ትመረምሪኛለሽ? አበጀሽ። ተሽሏታል፣ ትናንት ደህና በላች።» ትንፋሻቸው ይሰማል፤ ውጭ ቆመዋል። «ስሚኝማ፣ ጭጋጉ ከባድ ነው፣ መብራት ያብሩ። ድልድዩ ጋ ዛሬ ጠጠር ደፍተውበታል፣ ያሳልፋል፣ ግን አንድ በአንድ ይለፉ። የሚነገርበት ካለ ንገሪልኝ። ከሌለም ግድ የለም።»

ዋሪጊያ ስልኩን ሳትዘጋ ባራዛን ከፈተች። በሾፌሮቹ ግሩፕ በራሷ ስም፣ ቃል በቃል ጻፈችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ትንሽ አመነታች። ከዚያ «ቀስ በሉ፣ ወተቱ ይደርሳል» ብላ ጨምራ ላከችው።

መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ቀጥሎ ኪሜሚያ ጻፈ፤ «እሺ ጉካ።» ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ያቺ በዋሪጊያ ስም የወጣች ጽሑፍ የማን እንደሆነች የጠየቀ አልነበረም።

«እማዬ» አሉ ጉካ በስልኩ፣ አሁንም አልዘጉትም ነበር። «ምን አሉ?»

ዋሪጊያ ትራሷን ከግድግዳው አስጠግታ ተደገፈችውና የእያንዳንዱን ስም እየጠራች አነበበችላቸው።